«እናንተ ጋማ ጋንጃ ተፈቅዷል» ለምትሉኝ

ሰሞኑን ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ከካናቢስ (ጋንጃ) ተክል ስለሚወጣው ሲቢዲ ነው የሚጠይቀኝ። አንዱ አብሮ አደጌ «እናንተ ጋ ጋንጃ ተፈቅዶ የለ እንዴ? ለእማዬ ጉልበት ያንን ዘይት ላክልኝ፤ ቲክቶክ ላይ ስንቱ ዳነበት!» አለኝ። ሌላው ዲቪ ደርሶት ሊመጣ ነው፤ እንደኔ የጭነት መኪና መንዳት ያስባል። እሱ ደግሞ «ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ሲጋራ ነው አሉ» ይለኛል። ለሁለቱም በስልክ የምችለውን ተናግሬያለሁ፤ ብዙ የቀረ ስላለ እዚህ ልጻፈው።

አዎ፣ እኔ ያለሁባት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ እዚህ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) 21 ዓመት ለሞላው ሰው ፈቅዳለች። ሱቁ አለ፣ ግብሩ ይከፈላል፣ ፖሊስም በር ላይ አይቆምም። ግን የፈቀደችው ክፍለ ግዛቷ እንጂ የፌዴራል መንግሥት አይደለም። የኛ ሰው እንጀራ ደግሞ የተንጠለጠለው ፌዴራሉ ላይ ነው። ግሪን ካርዱን የሚሰጥህ እሱ ነው፤ ዜግነቱንም እንደዚያው። ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው የሚመረመርበትን ደንብ ያወጣውም እሱ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገው ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያጨሰው ነገር እኔን ካገር ሊያስወጣኝ ይችላል።

ተክሉ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለው። ከሁሉ የሚታወቁት ሁለት ናቸው፦ የሚያሰክረው ቲኤችሲና የማያሰክረው ሲቢዲ። እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል መሹላም ከባልደረቦቹ ጋር የሲቢዲን ኬሚካላዊ አወቃቀር በ1963፣ የቲኤችሲን ደግሞ በ1964 ለይቶ አሳይቷል። መድኃኒትነቱ ተረት አይደለም፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ኤፒዲዮሌክስ የሚባለውን ከሲቢዲ የተሠራ ሽሮፕ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 አጽድቆታል፤ ድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለተባሉ ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታዎች ይታዘዛል። የድራቬት ሕፃናት በተካፈሉበት ጥናት ከባዱ መንቀጥቀጥ በወር ከ12.4 ወደ 5.9 ወርዷል። ልጇ በቀን ስንት ጊዜ ስትወድቅ ያየች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከቲኤችሲ የተሠራው ድሮናቢኖል ደግሞ በካንሰር ሕክምና ለሚያስመልሳቸው ሰዎች ከ1985 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል።

ችግሩ በነዳጅ ማደያ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው ጠርሙስ ሌላ መሆኑ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው በኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ600 እስከ 1200 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ዶላር የምትከፍልበት ጠርሙስ ደግሞ ሙሉው 1000 ሚሊግራም ይዟል ይሉሃል። እሱም የተጻፈውን ካገኘህ ነው። በ2017 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተገዙ 84 ምርቶች የሲቢዲው መጠን ከጽሑፉ ጋር የገጠመው 26ቱ ላይ ብቻ ነበር፤ በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሲቢዲ ያልጨመሩበት ነገር የለም፤ ቡናም ውስጥ አለ፣ የውሻ ብስኩትም ውስጥ አለ።

እኔን ያገኘኝ እዚያ ላይ ነው። ሌሊት ተነድቶ የሚያድር ወገብ ምን እንደሚመስል ሹፌሮች ታውቃላችሁ። ለወገቤ የገዛሁት የሲቢዲ ጠርሙስ ላይ «ቲኤችሲ 0%» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከዚያ ድንገተኛ የሽንት ምርመራ መጣ፤ ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ውጤቱን የሚገመግመው ሐኪም ደወለና «ለመጨረሻ ጊዜ ያጨስከው መቼ ነው?» አለኝ። ሲጋራ እንኳ አፌ ገብቶ አያውቅም። የጠርሙሱን ፎቶ ልላክልህ አልኩት። አያስፈልግም አለኝ፤ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በ2020 ባወጣው ማሳሰቢያ «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» ማለት ለሹፌር ምክንያት አይሆንለትም። የዚያኑ ዕለት ቁልፍ አስረከብኩ።

ገንዘቡም ቀረ፣ ሥራውም ቆመ፤ እሱን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚደረገውን ምርመራ ነው። ያ ምርመራ ሰው እያየህ ነው የሚደረገው። ልጄ የሚሆን ወጣት አብሮኝ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሸሚዝህን ከወገብህ በላይ አንሣ አለኝ፤ ሱሪህንና የውስጥ ሱሪህን ዝቅ አድርግ፣ አሁን ዙር። የሌላ ሰው ሽንት ደብቄ እንዳልመጣሁ ሊያይ ነው። ከዚያም ሽንቴ ከገላዬ ወጥቶ ብልቃጡ ውስጥ እስኪገባ ዓይኑን አልነቀለም። ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ገላዬን የወለደችኝ እናቴም አላየችው። ልጁ በየመሀሉ «ይቅርታ ሰር» ይለኛል፤ ትሕትናው ይበልጥ አቃጠለኝ። ሽንቴ እምቢ ብሎኝ ውኃ እየጠጣሁ ስጠብቅ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህም አንድ ጊዜ ሆኖ አይቀርም፤ ሥራ ከጀመርክ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ስድስት ጊዜ በድንገት ይጠሩሃል፣ በዚያው መልክ።

የኛ ሰውስ? ወሬው ከኔ ቀድሞ ማኅበር ደርሶ ነበር፤ «በጋንጃ ተባረረ» ተባለ። ይህን ያወሩት ቅዳሜ ቅዳሜ በር ዘግተው የሚቅሙት ናቸው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚህ አገር በጣም ከተከለከሉት ዕፆች ጋር እንደተመደበ ማን ይንገራቸው? ለኛ ጫት ጨዋታ ነው፣ ካናቢስ ግን የሰይጣን ነው። ለፌዴራሉ ሕግ ሁለቱም ያው ወንጀል ናቸው።

ለአብሮ አደጌ እናት ዘይቱን ያልላክሁት ንፉግ ሆኜ አይደለም። እማማ የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ ሲቢዲ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ሊያደማ ይችላል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ለጉልበት ሕመም ደግሞ ይረዳል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለውም። በሻንጣ የሚይዝ ሰው ቢገኝ እንኳ፣ በዱባይ የሚያልፍ ከሆነ ዘይቱ እዚያ ሊያሳስረው ይችላል። አዲስ አበባ ቢደርስም ዕፅን የሚከለክለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አለ። እባካችሁ መንገደኛ ላይ አትጫኑ።

አንተ ዲቪ የደረሰህ ወንድሜ፣ ወገብህን ሲያምህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ሹፌር መሆንህን አስቀድመህ ንገረውና ያዘዘልህን ብቻ ውሰድ። ከማደያ መደርደሪያ ከረሜላም ሆነ ቅባት፣ ሲቢዲ የሚል የተጻፈበትን አትንካ። አንድ ጊዜ ከተገኘብህ ስምህ የሹፌር አሠሪ ሁሉ በሚያየው የፌዴራል መዝገብ ላይ ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆያል። «ካሸር ብቻ ነው፣ ክፍያው ጥሩ ነው» ብለው በካናቢስ ሱቅ ሊያስቀጥሩህ ቢሉም እንዳትገባ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ፈቅዶ በተከፈተ ሱቅ መሥራት እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣህ ይችላል። የዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ዕፅ ይጠይቁሃል፤ የምትመልሰው ምለህ ነው፣ ያልተፈረደብህን እንኳ በገዛ አፍህ ማመንህ ብቻ ሊጎዳህ ይችላል። ከዚህ ጋር የሚነካካ ነገር ካለህ ማመልከቻውን ከመሙላትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፤ ለጠበቃው ምንም ሳትደብቅ።