የማጀቱ ግድግዳ

ልጅ ሳለሁ ቂብላ ማለት የማጀታችን ግድግዳ ነበር። ሙስሊም ሲሰግድ የሚዞርበት ቂብላ መካ ወዳለችው ካዕባ እንደሆነ፣ መካ የሚባል አገርም እንዳለ የሰማሁት በኋላ ነው። ደሴ፣ እናቴ ቤት፣ ሁላችንም የምንሰግደው ወደዚያ ግድግዳ ዞረን ነው፤ የእናቴ አጎዛም ከዓመት ዓመት አንድ ቦታ ይነጠፋል። ዕቃ ስታዘኝ እንኳ «በቂብላ በኩል ካለው መደርደሪያ አምጣልኝ» ትላለች። ሰሜንና ደቡብ የሚባለውን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። እናቴ ገበያ ወጥታ እንግዳ ከመጣ፣ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ራሳቸው አጎዛውን አንጥፈው «በዚህ በኩል ነው የሚሰግዱት» ብለው ያሳዩ ነበር። ወሎ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም።

ለካ ደሴና መካ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከደሴ ቂብላው ቀጥ ያለ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ላይ አምስት ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አገር ቤት እያለሁ ቂብላ ፈልጌ አላውቅም። ተወልጄ ያገኘሁት ነገር ነበር።

አሜሪካ ስመጣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አረፍኩ፤ ሥራ ያገኘሁት ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ነው። ከመሬት በታች ሦስት ፎቅ። ፀሐይ የለም፣ መስኮት የለም፤ የስልኬ ኮምፓስ ደግሞ በብረቱና በኮንክሪቱ መካከል ይዋልላል። ከመኪናዎቹ ጀርባ ካርቶን አንጥፌ ዙሁርንና አስርን፣ የቀትሩንና የከሰዓቱን ሰላት፣ እሰግዳለሁ። አቅጣጫውን የወሰንኩት በራሴ ነው። መካ ከአሜሪካ ወደ ምሥራቅ ናት፤ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ካርታ ደግሞ ከዋሽንግተን ዝቅ ብላ ትታያለች፤ ስለዚህ ደቡብ ምሥራቅ ነው አልኩ። አራት ወር እንደዚያ ሰገድኩ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ የሴኔጋል ሰው ነበር። አንድ ቀን አስር ስሰግድ አይቶ አሰላምቼ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ በቀስታ፣ «ወንድሜ፣ ቂብላው በዚያ አይደለም» አለኝ። ተቆጣሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የምሰግድ ሰው ነኝ፣ እናቴ ያስተማረችኝን አንተ ልታርመኝ ነው ወይ አልኩት። እናቴ ስለ ዋሽንግተን አንድም ነገር አላስተማረችኝም፤ ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም። ያ ንግግሬ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በማግስቱ የልጁን የምድር ሉል ይዞ መጣ፤ ክርም ይዟል። የክሩን አንድ ጫፍ ዋሽንግተን ላይ በአውራ ጣቱ ያዘና ሌላውን መካ ላይ አድርጎ ወጠረው። ክሩ ወደ ደቡብ አልወረደም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ፤ በካናዳዋ ሃሊፋክስ አጠገብ አልፎ አትላንቲክን ተሻገረ፤ ፈረንሳይን ነክቶ በሜድትራንያን ላይ ወረደና ካይሮ አጠገብ አድርጎ መካ ገባ። ምድር ድቡልቡል ናትና አጭሩ መንገድ ያ ነው። ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 56 ዲግሪ ገደማ። በ1957 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የማሳቹሴትስ ጎዳና መስጊድ በር ላይ ስንቴ አልፌያለሁ! ሕንፃው ከጎዳናው ጋር ሳይሰለፍ ገደድ ብሎ የቆመው ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ያ አራት ወር እንቅልፍ ነሳኝ። ለአንድ ኢማም ነገርኳቸው። ቂብላው የጠፋበት ሰው የቻለውን ያህል ፈልጎ ቢሳሳት ሰላቱ ሰላት ነው አሉኝ። አጽናኑኝ፤ እኔ ግን መች ፈለግኩ? በጠዋት ወደ ላይ ወጥቼ ፀሐይዋ የት እንደምትወጣ እንኳ አላየሁም። ያመመኝ ይሄ ነው።

እሳቸው መዲና አጠገብ ያለችውን የቁባእን ሰዎች ታሪክ አስታወሱኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ከገቡ በኋላ 16 ወይም 17 ወር ያህል የተሰገደው ወደ በይተል መቅዲስ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። ቂብላው ወደ ካዕባ ሲዞር ቁባእ ያሉት አልሰሙም፤ ሱብሂ፣ የንጋቱን ሰላት፣ እየሰገዱ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ነገራቸው። ፊታቸው በሰሜን ወዳለው ሻም ነበር፤ እዚያው ሰላት ውስጥ እንዳሉ ወደ ካዕባ ዞሩ። መዲና ላይ ይህ ማለት ጀርባን ፊት ማድረግ ነው፤ በይተል መቅዲስ በሰሜን፣ መካ በደቡብ ናቸውና። እኛ አገር ቢሆን፣ አክሱም ላይ ቆሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚዞር ሰው፣ ልዩነቱ ሃያ ዲግሪ አይሞላም፤ ትከሻን ዘወር ማድረግ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ገና ሐበሻ ምድር የነበሩትን ሙሃጅሮች፣ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች፣ ሳስብ ይህ ነገር ይገርመኛል።

ቁርኣን ሱረቱል በቀራህ በተባለው ምዕራፍ ምሥራቁም ምዕራቡም የአላህ ነው፣ ወዴትም ብትዞሩ የአላህ ፊት እዚያ ነው ይላል። ፊትን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ማዞር ብቻውን በጎነት እንዳልሆነም ይነግረናል፤ ለድሃው፣ ወላጅ ለሌለው የቲም፣ ለመንገደኛው መስጠትን፣ ቃል መጠበቅን ይቆጥራል። ታዲያ አቅጣጫው ለምን? እንደ እኔ፣ ቂብላ እኔ የማልመርጠው ነገር ስለሆነ ነው። ደቡብ ምሥራቅን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ለራሴ አሳብ ነበር ስዞር የከረምኩት። ሴኔጋላዊውና እኔ በቋንቋ በቅጡ አንግባባም ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን በአንድ ካርቶን ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰግደናል። ይቅርታም ጠይቄዋለሁ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት 20 እና በሐምሌ 9 አካባቢ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። የግንቦቱ በእኛ ሰዓት 6 ከ18 ደቂቃ ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላው የሚያመለክተው የቂብላውን ተቃራኒ ነው። ዋሽንግተን ላይ በዚያ ሰዓት ገና አልነጋም። ለወንድሜ ደወልኩለት። እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር እንጨት ተክሎ ፎቶ ላከልኝ። ጥላው ስንዝር አይሞላም፤ የወደቀው ወደ ግቢው በር ነው። ከጥላው ጫፍ በእንጨቱ በኩል ቀጥ ብሎ ሲታይ የማጀቱ ግድግዳ ነው።

እናቴ ፎቶው ሲነሳ አጠገቡ ቆማ ነበር አለኝ። አይታ ስታበቃ ገብታ ዙሁሯን ሰገደች፤ አጎዛዋን ጣት ያህል እንኳ አላንቀሳቀሰችውም።