ናይት ዱቲ፣ ሁዳዴና የእናቴ ዘጠኝ ሰዓት

ደብረ ብርሃን ላይ በነርስነት መስራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። አምና ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰው ጎድሎ ስለነበር ናይት ዱቲው እኔ ላይ በዛ፣ በሳምንት 3 አንዳንዴም 4 ለሊት እገባለሁ፣ ማታ 11 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው የምወጣው። የደብረ ብርሃንን የህዳርና የታህሳስ ለሊት ያየ ሰው ውርጩን ያውቀዋል፣ እና ሲበርድ ደሞ መብላት ያምራል። 7 ሰዓት ለሊት ላይ ዋርዱ ጸጥ ሲል ከቤት የቋጠርኩትን ፍርፍር እበላለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ፣ ሊነጋጋ ሲል ቡና የሚያፈላ ሰው ካለ እሱንም። ቤት ገብቼ ተኝቼ ስነሳ ምግብ ጭራሽ አያሰኘኝም፣ ማታ እንደገና ያው ነው።

ጥር አካባቢ ጸባዬ መለወጡን ባለቤቴ ነች ቀድማ ያየችው። ልጄ ብርጭቆ ከእጇ ካመለጣት እጮሃለሁ፣ ከጮህኩ በኋላ ደሞ ሆዴ ይባባና ሌላ ክፍል ገብቼ ቁጭ እላለሁ። አንድ ለሊት መድሃኒት እየቀዳሁ እንባዬ መጣ፣ የሞተብኝ ሰው የለ፣ የተጣላሁት ሰው የለ፣ ዝም ብሎ መጣ። እናቴ በስልክ ድምፄን ስትሰማ ዓይን ነው ጸበል ተጠመቅ አለችኝ፣ ተጠመቅኩም፣ ልቤን አረጋግቶልኛል። ስራዬን ግን እንደዛው ነው የቀጠልኩት።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የዓመት ፈቃዴን 10 ቀን ወስጄ መንዝ እናቴ ጋ ሄድኩ። ከመሀል ሜዳ ወርደን ትንሽ በእግር የምንሄድበት ገጠር ነው። እናቴ ጋ ሰዓት የሚባለው ነገር አይዛነፍም። ዶሮ ሲጮህ ትነሳለች፣ ጠዋት ምንም አትቀምስም፣ ስራዋን ሰርታ ቤተክርስቲያን ትሄዳለች፣ ቅዳሴ ወጥቶ 9 ሰዓት ሲሆን የገብስ እንጀራ በሽሮ ወይ በስልጆ ትበላለች፣ 12 ሰዓት ላይ ንፍሮ ወይ ቆሎ ቢጤ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ መብራት የለም። እኔም እሷ ቤት ስሆን እንደሷ ነው እንጂ ለብቻዬ ጠዋት ቁርስ አምጪ ልላት አልችልም።

የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነበር፣ ከወንድሜ ጋር በትንሽ ትልቁ ተጨቃጨቅኩ፣ በቃ ጾሙን አልቻልኩትም አልኩ። ግን ቆይቼ ሳስበው ራስ ምታቱ የረሃብ አልነበረም የቡና ነው። እኔ ዱቲ ላይ ለሊቱን ሙሉ ቡናና ሻይ ስጠጣ የኖርኩ ሰው በአንዴ አቁሜዋለሁ፣ ካፌይን ደሞ ካቆምሽው ወይ ካቆምከው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታቱ ይጀምራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይብሳል፣ ከዛ በሳምንት ገደማ ይለቃል። ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን የድካም መልእክተኛ አንጎል ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይዞ ነው ንቁ የሚያደርገን፣ ሲቀር አዴኖሲኑ በአንዴ ቦታውን ይይዛል፣ ድብት ያደርጋል፣ ያነጫንጫል። ሁዳዴ ሲገባ መስሪያ ቤቱ ሁሉ የሚነጫነጨው፣ ጾመኛ ቁጡ ነው የሚባለው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ የጠዋት ቡና መቅረቱ ነው። ከቅበላ በፊት ባለው ሳምንት ቡናውን ቀስ በቀስ መቀነስ ብዙ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ያስቀራል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አራተኛው ቀን ላይ የገረመኝ ነገር መጣ። ጠዋት አልራበኝም። ልክ 8 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ሆዴ መጮህ ጀመረ፣ ሰዓት ሳላይ። እናቴ ጠዋት አይርበኝም እኮ ስትል ሁሌ ለእኛ ብላ የምትለው ይመስለኝ ነበር፣ ለካ እውነቷን ነው። ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፣ በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጃፓኖች ናቸው ያገኙት፣ በአብዛኛው ከጨጓራ ይወጣና አንጎልን ራበኝ ያሰኘዋል። ይሄ ሆርሞን ሆድ ባዶ ስለሆነ ብቻ ዝም ብሎ እየጨመረ አይሄድም፣ የለመድንበት የመብያ ሰዓት ሊደርስ ሲል ከፍ ይላል፣ ሰዓቱ ሳንበላ ካለፈ ደሞ ራሱ ይወርዳል። ስለዚህ በ7 ሰዓት ለሊት የሚበላ ሰው በ7 ሰዓት ለሊት ይርበዋል፣ በ9 ሰዓት የሚበላ ሰው ወደ 9 ሰዓት ነው የሚርበው። አስተማሪው ሰዓቱ ነው።

በስድስተኛው ቀን ይሁን በሰባተኛው ወንድሜ አንድ ነገር ሲያወራ ከልቤ ሳቅኩና እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ከሳቅኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ያኔ ነው የታወቀኝ።

ተመልሼ ስመጣ ማንበብ ጀመርኩ፣ ጸባዬን የመለሰው እንቅልፍ ነው፣ እረፍት ነው፣ የእናት ቤት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ እነሱም አሉበት፣ ግን የምግቡ ሰዓት እረፍት አልሰጠኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ ወደ 20,000 የሚሆኑ ሴሎች ያሉበት ትንሽ ቦታ አለ፣ ዋናው የሰውነት ሰዓት እሱ ነው፣ የሚሞላውም በብርሃን ነው። ጉበትም፣ ጨጓራም፣ ቆሽትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ የእነሱን ሰዓት ደሞ ምግብ በጣም ይጎትተዋል። ይሄ የሰውነት ሰዓት ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ ያሳዩት ሶስት አሜሪካኖች ናቸው በ2017 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት። ሰው ለሊት ሲበላ እንግዲህ አንጎል ጨለማ ነው ተኛ ይላል፣ ጉበት ደሞ ምግብ መጣ ቀን ነው ይላል፣ አንድ ሰውነት ውስጥ ሁለት ሰዓት።

በ2022 ቦስተን የሚገኙ ተመራማሪዎች 19 ሰዎችን ላብራቶሪ ውስጥ አስገብተው እንደ ናይት ሺፍት ሰራተኛ አኖሯቸው። ግማሾቹ ቀንም ለሊትም በሉ፣ ግማሾቹ ለሊት ቢነቁም ምግብ የሚሰጣቸው ቀን ብቻ ነው። ለሊት የበሉት ድብርት መሰል ስሜታቸው 26 በመቶ፣ ጭንቀት መሰሉ ደሞ 16 በመቶ ጨመረ፣ ቀን ብቻ የበሉት ላይ እንዲህ አይነት ለውጥ አልታየም። እንቅልፋቸው የተዛባው የሁሉም ነው፣ የተለየው የምግቡ ሰዓት ነው። 19 ሰው ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ያቺን መድሃኒት እየቀዳሁ ያለቀስኩባትን ለሊት አስታውሼ ስልኬን አስቀምጬ ረጅም ሰዓት ዝም አልኩ።

አሁን ከተማው ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ይላል፣ 16 ሰዓት ጾሞ 8 ሰዓት ውስጥ መብላት። ጥሩ ነው፣ ግን የማየው ሁሉ ቁርስ ዘሎ ማታ 3 ሰዓት ከ4 ሰዓት እራት የሚበላ ነው። በዛው በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ 16 ሰዎች ያንኑ ምግብ 4 ሰዓት አዘግይተው ሲበሉ ረሃባቸው ጨምሮ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጉልበት ቀንሶ ተገኝቷል። የአያቶቻችን ጾም ከዚህ የሚለየው ምግቡ ከመምሸቱ በፊት ማለቁ ነው። ለጤና ተብሎ የተደነገገ አይደለም፣ ጾም ለነፍስ ነው፣ የቲክቶክ ቪዲዮ ላይ ሁዳዴን እንደ ዳየት ሲያወሩት ደስ አይለኝም። ግን ሰዓቱ ለስጋም እንደተመቸ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ጾሙ ላይ እናቴ ወደ ጠዋቱ መጨረሻ ረጋ፣ ነቃ ትላለች፣ ይሄንንም ለምን እንደሆነ አነበብኩ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ 20 በመቶውን ጉልበት ይበላል፣ ዋና ቀለቡ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው። ከመጨረሻው ምግብ 12 ሰዓት ገደማ አልፎ ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስኳር እየተመናመነ ሲመጣ ጉበት ከስብ ኬቶን ይሰራል፣ አንጎልም እሱን መመገብ ይጀምራል። ኦሬክሲን የሚባለው ንቁ የሚያደርግ ነገር ደሞ ምግብ ሲቀር ይበረታል፣ የተራበ እንስሳ ቢተኛ ምግቡን ከየት ያገኛል? መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮዋን ቀስራ ሳትነቃነቅ ስትጠብቅ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። ጾም አንጎልን ያድሳል ሴል ያበቅላል የሚባለው ግን አብዛኛው የታየው አይጥ ላይ ነው፣ ሰው ላይ እንደተረጋገጠ አድርጎ ማውራት ትክክል አይደለም።

እና አንድ ነገር በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ዋርድ ውስጥ አይቼዋለሁ። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው አባት ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው፣ በላብ ተነክረዋል፣ ይሳደባሉ፣ ልጃቸውን በሌላ ስም ይጠሩታል። ልጁ አባቴ አይጠጣም እኮ ምን እንደነካው እንጃ እያለ ያለቅሳል። የደማቸው ስኳር 38 ነው። ኢንሱሊኑን ጠዋት ተወግተው ጾም ነው ብለው ሳይበሉ ቤተክርስቲያን ሄደዋል። ስኳር ከ70 ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያናድዳል፣ ከ54 በታች ከሆነ አንጎሉ ራሱ ይጨነቃል፣ ሰው ይቀባዥራል ራሱን ይስታል። 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ስር ሰጠናቸው፣ ደቂቃዎች አልፈጀም፣ ዞር ብለው አንተ ልጄ መቼ መጣህ አሉት። ጤነኛ ሰው ቢጾም ጉበቱ ስለሚጠብቀው እዚህ አይደርስም፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ይደርሳል። እባካችሁ የስኳር ህመም ያለበት ወላጅ ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠቡ፣ ሀኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ፣ ቤተክርስቲያን ለህመምተኛ ፈቃድ እንደምትሰጥ እያወቅን ሽማግሌዎቻችን በዝምታ ይጎዳሉ።

ልጆችም እንደዛው። በ2025 የወጣ ወደ 70 የሚሆኑ ጥናቶችን የሰበሰበ ስራ ጤነኛ አዋቂ ለአጭር ጊዜ ምግብ ቢቀርበት ማሰቡና ማስታወሱ ያን ያህል እንደማይቀንስ አሳይቷል፣ ልጆች ላይ ግን ይቀንሳል። ቁርስ ሳይበላ ከገጠር ሁለት ሰዓት ተጉዞ ክፍል የሚቀመጥ ልጅን ሰነፍ ነው ብላችሁ አትቅጡት።

ጾምና ረሃብ ደሞ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀንሶ አጠናቸው፣ ሰዎቹ ደበታቸው፣ ተናደዱ፣ ከሰው ራቁ፣ ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር፣ የምግብ አሰራር መጽሐፍ እስከ መሰብሰብ የደረሱ ነበሩ። ይህን ሳነብ እናቴን ነው ያሰብኩት፣ 77ን አይታለች። ስለዛ ዓመት አታወራም፣ ግን እስከ ዛሬ ጎተራዋ ሙሉ ሆኖ እንኳን ለብቻው በስልቻ የምታስቀምጠው ገብስ አለ፣ ማንም አይነካውም።

እኔ አሁን ዱቲ ስገባ ከቤት ሳልወጣ በደንብ እበላለሁ፣ እስከ ንጋት ውሃ ብቻ፣ ቡና ካስፈለገኝ ከ4 ሰዓት ማታ በፊት አንድ ስኒ፣ ጠዋት ቤት ገብቼ ትንሽ በሶ በጥብጬ እተኛለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 7 ሰዓት ለሊት ላይ ሆዴ ጮኸ፣ ከሳምንት በኋላ ተወው። ናይቱ አሁንም ይከብዳል፣ ውርጩም ያው ነው፣ ልጄ ላይ ግን አልጮህም። ዛሬም ተረኛ ነኝ፣ ባለቤቴ ሽሮውን ጥዳዋለች፣ ሳይመሽ በልቼ ልውጣ።