ትምህርት ቤቱ ለእናቶችም ይከፈት

ዩኔስኮ ዜጎቻቸውን ዕድሜ ልክ ለማስተማር ለሚተጉ ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበረክት፣ ከተሸለሙት 12 ከተሞች አንዷ ባሕር ዳር ነበረች። ስሟን ከቤጂንግ፣ ከአማንና ከአየርላንዷ ኮርክ ጋር ተዘርዝሮ ማየት ዛሬም ያኮራኛል፤ ይህ ክብር ግን ጉልት ላይ ሽንኩርት ለምትቸረችር እናት ምን እንደሚያተርፍላት ደጋግሜ አስባለሁ።

ባሕር ዳር የማስተማሪያ ቦታ አላጣችም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሥራ የጀመረው ፖሊ ቴክኒክ፣ ፔዳ ከሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በየሰፈሩ ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲወጡ ክፍሎቻቸው ባዶ ይቀራሉ። እጥረቱ ያለው የመማሪያውን ሰዓትና የሚሰጠውን ትምህርት ከነዋሪው ኑሮ ጋር በማስማማት ላይ ነው።

የጎልማሶች ትምህርት በአብዛኛው ከሥራ መልስ፣ ምሽት ላይ ይመደባል። ቀኑን ሙሉ ገበያ ውላ የገባች ሴት ግን በዚያ ሰዓት እሳት ታነዳለች፣ ልጆቿን ታበላለች፣ ለነገ የምትሸጠውን ታሰናዳለች። ከትምህርቱ የምትቀረው ፍላጎት ስለሌላት እንደሆነ አድርጎ መናገር በደል ነው። ገበያ በሚቀዘቅዝበት ቀን ጠዋት፣ ከገበያው አጠገብ ባለ የቀበሌ አዳራሽ፣ ሕፃናቱን የሚጠብቅ ሰው ተቀጥሮ ቢሰጥ ግን የብዙዎቹ መልስ ሌላ እንደሚሆን አምናለሁ።

የሚሰጠውም ትምህርት የዕለት ችግሯን የሚፈታ ሊሆን ይገባል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በየጉልቱ ገብቷል፤ ማንበብ የማትችል ነጋዴ ገንዘብ መግባቱን የሚገልጸውን መልእክት ለማወቅ ስልኳን ለሌላ ሰው ማሳየት፣ አንዳንዴም የምስጢር ቁጥሯን ሳይቀር መንገር ግድ ይሆንባታል። ይህችን ሴት ከ«ሀ ሁ» ጎን ለጎን በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ማንበብንና የላኪን ስም መለየትን ያስተማረ ክፍል፣ ሁለተኛውን ሳምንት እንድትመጣ መለመን አያስፈልገውም። ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚባለው መርሐ ግብር ሐሳቡም ይኸው ነው፤ ነገር ግን አመቻቾች የሚባሉት አስተማሪዎቹ በአነስተኛ ክፍያ እየሠሩ፣ የተሻለ ሲያገኙ ጥለው እየሄዱ ሐሳቡን ከዳር ማድረስ አይቻልም። ከተማው በጀት ሲይዝ ከቀለም ቅብና ከአጥር በፊት የእነርሱን ደመወዝ ቢያስብ እመርጣለሁ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል። ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ በኋላ ያነበቡትን ረሱት፤ ምክንያቱም በእጃቸው የሚገባ፣ በቋንቋቸው የተጻፈ፣ ለኑሯቸው የሚጠቅም ንባብ አልነበረም። ስለዚህ በየቀበሌው ጋዜጣ፣ የጤናና የግብር መረጃ፣ የልጆች ተረት የሚገኝባት አንዲት ክፍል መኖሯ ከማስተማሩ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ በኩል ብዙ ማድረግ ይችላል፤ የሕግ፣ የጤናና የግብርና ተማሪዎቹ በቀላል አማርኛ የሚያዘጋጁት አንድ ገጽ ጽሑፍ ለንባብ ክፍሎቹ ትልቅ ሀብት ነው።

ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆች ዓመታት አምልጠዋቸዋል፣ አንዳንዶቹም ተፈናቅለው ወደ ከተማዋ መጥተዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሰላም ሲሰፍን ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአምስተኛ ክፍል ለመቀጠል ዕድሜያቸው አይፈቅድላቸውም። ማታ መንቀሳቀስ በሚያሰጋበት ጊዜ የምሽት ክፍል ብቻውን መፍትሔ ስለማይሆን፣ ትምህርቱ በሬዲዮም በቀን ክፍለ ጊዜም ሊሰጥ ይገባል። ከተማው እነዚህን ወጣቶች ከአሁኑ በየቀበሌው መመዝገብ፣ ያቋረጡበትንም ክፍል ማወቅና ያለፋቸውን በአጭር ጊዜ የሚያካክሱበት የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት።