ልጄ ጨጓራዋን ታስቀንስ ወይ? እንዴት እንደወሰንን

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ነገሩ ሲጀመር ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 92 ኪሎ ነበር። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ሰፈር ሞላ ያለ ልጅ ሲታይ "እሰይ፣ ተስማምቷታል" ነው የሚባለው። አይገርምም። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። እንዲህ ባለ አገር ውፍረትን እንደ በሽታ የሚያይ ጥቂት ነው።

እኛን ያነቃን አንገቷ ነው። ከኋላ በኩል ቆዳዋ እየጠቆረና እየሻከረ መጣ። እናቴ እድፍ መስሏት በሳሙና ስትፈትጋት ከረመች። የሕፃናት ሐኪሙ ግን ገና እንዳየው የስኳር ምርመራ አዘዘ። ሰውነት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን አልታዘዝ ሲል እንዲህ ያለ ጥቁረት ይመጣል። ውጤቱ ሲደርስ "ስኳር አልያዛትም፤ ግን ደጃፉ ላይ ናት" አለን። አንገቱ ወይም ብብቱ የጠቆረ ልጅ ያላችሁ፣ ፍተጋውን ተዉና አስመርምሩት።

ወሬው አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ጋ ደረሰ። በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። "ቱርክ ወስደን ጨጓራዋን እናስቀንሳት። ወጪው በእኔ።" እናቴ ደግሞ "በልጅ ሆድ ላይ ቢላ? በስመ አብ!" አለች። እኔ ከሁለቱም ጋር ከመሟገቴ በፊት ነገሩን ልወቀው ብዬ ማንበብና ሐኪሙን መጠየቅ ያዝኩ።

ወንድሜ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ 13 ዓመት የሞላቸውና ከባድ ውፍረት ያለባቸው ልጆች ለዚህ ቀዶ ሕክምና እንዲገመገሙ ወደ ስፔሻሊስት ይላኩ ይላል። ይገመገሙ ነው የሚለው፤ ሁሉም ይሠሩ አይልም። ኪሎው ለቁመት ካሬ (በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ሲባዛ) ተካፍሎ 35 ከደረሰና ተጓዳኝ በሽታ ካለ፣ ወይም 40 ከሞላ ልጁ ለግምገማ ይታጫል። ለልጆች በዕድሜና በፆታ የተዘጋጀ ሰንጠረዥም አለ። የልጄ 36 ገደማ መጣ። ስለዚህ "እሷን አይመለከትም" ብዬ ልዘጋው አልቻልኩም።

በብዛት የሚሠራው ዓይነት ከጨጓራ 80 በመቶ የሚጠጋውን ቆርጦ ያወጣል። የሚተርፈው ሙዝ የሚመስል ቱቦ ነው። የረሃብ ሆርሞንም አብሮ ይቀንሳል። የወጣው ግን ተመልሶ አይገጠምም። ቲን ላብስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት የተሠሩ ታዳጊዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። በ3 ዓመት ክብደታቸው በአማካይ 27 በመቶ ወርዷል። ዓይነት ሁለት ስኳር ከነበረባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ10 ዓመትም ከበሽታው ነፃ ነበሩ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር። እዚያው ጥናት ላይ ግን በ3 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት የብረት ክምችት አንሶ ተገኝቷል። 13 በመቶዎቹ ደግሞ ተጨማሪ የሆድ ኦፕራሲዮን አስፈልጓቸዋል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ኑሮ የገባው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ደምም በየጊዜው ይመረመራል። የወር አበባ የምታይ ልጅ ደግሞ ብረቷ ቀድሞ ይጎድላል። ልጄ ጿሚ ናት። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና አርብ አለ፤ ሌሎቹም አሉ። ቢ12 ደግሞ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው። ትንሿ ጨጓራ በእንጀራ ከሞላች ለፕሮቲን ቦታ አይተርፋትም። "ጾሙን ምን ልታደርገው ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ሐኪሙ ነው። ወንድሜ የሚከፍለው የኦፕራሲዮኑን ነው። የሚቀጥለውን 50 ዓመት ማን ይከታተላል?

ሁላችንም ስናወራ ልጅቷን የጠየቃት አልነበረም። አንድ ቀን ከታክሲ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልኳት። "ማሚ፣ እኔ ክላስ ውስጥ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው የምፈልገው" አለችኝ። ስለ ቅጥነት ቃል አልተነፈሰችም። ለሐኪሙ ስነግረው "ታንኮራፋለች?" አለ። ታንኮራፋለች፤ ጎረቤት ይሰማል። ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላከን። ቶንሲሏ አብጦ መተንፈሻዋን ያጠብባት ነበር። እንግዲህ ኦፕራሲዮን ከተባለ የተሠራችው የቶንሲል ነው። ማንኮራፋቷ ጨርሶ ባይጠፋም በጣም ቀንሷል። ክፍል ውስጥ መተኛቷም ቀርቷል።

የቀረው የቤት ሥራ ነው። ለስላሳ ከቤት ወጣ፤ ለእንግዳም አይገዛም። ችብስና ሳምቡሳ መግዣ የነበረው ገንዘብ በምሳ ዕቃ ተተካ። በጾም ጊዜ ምስርና ሽምብራው በዛ፤ እንጀራው አነሰ። እሷን ለብቻዋ "ዳይት" ማስያዝ አልፈለግንም። የቤቱ ሁሉ ምግብ ተቀየረ። ታናሽ ወንድሟ አሁንም ያኮርፋል። በእግር መሄዱ ግን ከባድ ነው። ክረምት ጭቃ፣ ማታ ውሻ። ብዙ ጊዜ ጠዋት አብረን እንወጣለን። ክብደቷ ትንሽ ነው የወረደው። የስኳር ልኬቷ ግን ወደ ጤናማው ተመልሷል። "ሰነፍ ስለሆነች ነው" የሚለኝ ሰው አሁን ያናድደኛል። ሰውነት የለመደውን ክብደት በቀላሉ አይለቅም፤ ለዚህም ነው ኦፕራሲዮኑ ራሱ የተፈለሰፈው።

ለወንድሜ "አይሆንም" አላልኩትም። ስኳሯ ወደ በሽታ ከተሻገረ፣ ወይም ክብደቷ መጨመሩን ከቀጠለና እሷ ራሷ ገብቷት ከፈለገችው፣ እንደገና እንነጋገራለን። ያኔም መጀመሪያ የምንፈልገው እዚህ አዲስ አበባ ደሟን እየመረመረ በየዓመቱ የሚያያት ሐኪም ነው። እሱን ሳናገኝ የአውሮፕላን ትኬት አይቆረጥም።