ነፋሱ አልቆመም፣ መልህቁ ግን ያዘ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው የስለቴ አካል ስለሆነ ነው። ለቁልቢው ገብርኤል የተሳልኩት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ከድሬዳዋ ቁልቢ ድረስ በእግሬ ሄጄ ጃንጥላ ማስገባት። ሌላው የተደረገልኝን ለሰው መናገር። የመጀመሪያውን ፈጽሜያለሁ። ሁለተኛው ግን ለጎረቤት ከማውራት አላለፈም ነበርና ዛሬ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ምን የባሕር ምስክርነት አለው የሚል ሰው ድሬን አያውቃትም። ከተማችንን የወለዳት ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ወይ ምድር ባቡር የሠራ፣ ወይ ጅቡቲ ወርዶ የተመለሰ ሰው አይጠፋም። እኔም ሥራ ሳጣ እንደ ሌላው ወረድኩ። ወጥ ቤት ስለማውቅ አንድ የሸራ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ፈረንሳዊ ናቸው። እኛ ሙሴ እንላቸዋለን። እንግዶችን ይዘን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ እንዞራለን። ከኅዳር እስከ ጥር እንግዳ ይበዛል። ከሚኒባስ የሚረዝም፣ ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ፣ ሰው የማይነካ ትልቅ ሻርክ በዚያ ወራት ወደ አርታ ዳርቻ ስለሚመጣ እሱን ለማየት ነው።

አንድ ነገር ግን ለሙሴ አልነገርኳቸውም ነበር። ውሃ እፈራለሁ።

በ1998 ክረምት፣ ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ መጣ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። እኛ ደቻቱን የምናውቀው ደረቅ አሸዋ ሆኖ፣ ኳስ ስንጫወትበት ነው። እናቴ ከቁልቢ ከተመለሰች አሥራ አንድ ቀን ቢሆናት ነው። ውሃው በሩን ሲገፋው የእጄን አንጓ ከራሷ አንጓ ጋር በነጠላ አሰረችው። እንደታሰርን ጣሪያ ላይ ወጣን። እስኪነጋ ድረስ አልፈታችኝም። በጨለማ ውስጥ ስትል የነበረው አንድ ቃል ነው፤ "የቁልቢው፣ አደራህን።" እንደዚያ ያለ ሌሊት ያሳለፈ ልጅ ነው እንግዲህ ባሕር ላይ ሥራ የያዘው። እንጀራ ነው።

ሙሴ ግን ሰው ያስተምራሉ። ድስት ከማማሰል አልፌ መልህቅ መጣል የተማርኩት ከሳቸው ነው። ለሳቸው ጥሩ ማደሪያ ማለት የሚያምር ቦታ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠይቁት "ታቹ ምንድን ነው?" ብለው ነው። ከዚያ "ነፋሱ ቢዞር በየት እንወጣለን?" ይላሉ። ብዙ ሰው መልህቅ ጀልባን በክብደቱ የሚይዝ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የሚይዘው ጥፍሩን አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ቀብሮ፣ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተኝቶ በጎን ሲሳብ ነው። ሰንሰለቱ ካጠረ ወደ ላይ ይነቅለዋል። ስለዚህ ውሃው 6 ሜትር ከሆነ 30 ሜትር ያህል ሰንሰለት ይለቀቃል። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ እየነዱ ማስነከስ ነው። እጅህን ሰንሰለቱ ላይ ስታሳርፍ ይታወቅሃል። የሚጎተት መልህቅ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ። የነከሰ መልህቅ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ በጣም እወደዋለሁ።

ቦታዎቹን አንድ በአንድ ብናገር አይበቃኝም። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻና መስካሊ የሚባሉ ዝቅ ያሉ የኮራል ደሴቶች አሉ። እዚያ የሚገባው ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባ ስትሆን ብቻ ነው። አሸዋው ነጣ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ኮራሉ ቡናማ። ፀሐይ ከፊት ከሆነች ሁሉም ያው መስተዋት ነው። እኔ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሜ በእጄ እየጠቆምኩ፣ ሙሴ መሪውን ይዘው እንገባለን። ዋና የተማርኩት እዚያ ነው። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ኮራል ላይ ተጠምጥሞ እምቢ አለና የታጁራው ልጅ ገብቶ ሲፈታው አየሁ። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ አፋር ነው፤ እንደ ዓሣ ይዋኛል። ያን ዕለት ቀናሁ። በሁለት ወር አስተማረኝ።

የሱ አገር ታጁራ ደግሞ ሌላ ነው። ነጫጭ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ ከጀርባ ተራራ። ሐረር የራምቦን ቤት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ያ ገጣሚ በፈረንጆቹ 1885 እና 86 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ለመውጣት ግመል ሲጠብቅ ብዙ ወራት የከረመው ታጁራ ነው። መልህቅ ጥለን ስናድር የሱብሂ አዛን በውሃው ላይ ተንሳፎ ይመጣል። ዓይኔን ስጨፍን ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ያለሁ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ ቀይ ባሕርን ይዘን እስከ ሱዳን ሱዋኪን ወጥተናል። በፈረንጆቹ የክረምት ወራት ደቡቡ ላይ ነፋስ ከኋላ ይገፋል። ወደ ሰሜን ሲኬድ ፊት ለፊት ይመጣል። ያኔ መርከበኛ ሁሉ መርሳ ይፈልጋል። መርሳ በአረብኛ መልህቅ የሚጣልበት ማለት ነው። ሱዋኪን በኮራሉ መሀል በጠባብ መግቢያ ተገብቶ ከፈራረሰችው ከጥንቷ የድንጋይ ከተማ አጠገብ ይታደራል። ውጭ ባሕሩ እያበደ ውስጥ ውሃው እንደ ገበታ ነው። እዚያ ያደርኩትን ሦስት ሌሊት እናቴ ቤት የተኛሁ ያህል ነው የምቆጥረው።

አሁን ወደ ጉቤት ልምጣ።

ጉቤት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ፣ በስተ ምዕራብ፣ በአንዲት ጠባብ በር የምትገባ ገንዳ ናት። በሩ ላይ ውሃው እንደ ወንዝ ይሮጣል። ዙሪያዋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በፈረንጆቹ 1978 የፈነዳው እዚያው አጠገብ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የወረደው የአሳል ሐይቅም ሩቅ አይደለም። ከዳር ትንሽ ራቅ ካልክ ታቹ ጥልቅ ነው፤ መልህቅ የሚጣልበት ጠባብ መደብ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ነፋሷ ደግሞ ከባድ ነው። በፈረንጆቹ 2023 የጅቡቲ የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ 60 ሜጋ ዋት የሚሰጠው፣ የተመረቀው እዚያ ነው። መሀሏ ላይ የተሾጠጠ ደሴት አለ። የሰይጣን ደሴት ይሉታል። የአገሬው ሰው እዚያ ማደር አይወድም።

የካቲት 27 ቀን 2011 ነበር። ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን። እንግዳ አልነበረንም፤ ሦስታችን ብቻ ነን። ሞተሩ ከቀትር ጀምሮ ሲያነክስ ስለነበር ሙሴ ሳይመሽ ከበሩ መውጣት አልደፈሩም። በምሥራቁ ዳር፣ ከነፋሱ ከለል ብለን፣ 12 ሜትር ላይ ጣልን። ነከሰ። ሙሴ ግን ፊታቸው አልተፈታም። "ሮንድ እንካፈል" አሉ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የኔ ተራ ነው። ጨረቃ የለችም። ነፋሱ ከተራራው ላይ እየተወረወረ ይመጣል፤ ለአፍታ ዝም፣ ከዚያ እንደ ጥፊ። እጄን ሰንሰለቱ ላይ አደረግኩ። ይንቀጠቀጣል። ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። ነከሰ ብዬ ደስ አለኝ። የግንባር ባትሪዬን ሳበራ ግን ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከመደቡ ጫፍ ወድቀናል። ታቹ ምንም የለም።

ጮህኩ። ሙሴ በባዶ እግራቸው ወጡ። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ናፍጣው ውስጥ አየር ገብቷል። እሳቸው ፊልትሮ ሊፈቱ ታች ወረዱ። እኔና የታጁራው ልጅ ትንሿን ሸራ ልንዘረጋ ስንል ነፋሱ ከመሀሏ ተረተራት። ያለችንን 60 ሜትር ሰንሰለት ሁሉ ለቀቅነው። ከዚያ ምንም የሚደረግ አልነበረም። በጨለማው ውስጥ፣ ከፊታችን፣ ከሰማዩ የጠቆረ ነገር መጣ። ደሴቱ ነው። ማዕበሉ ሲመታው ይሰማናል።

የታጁራው ልጅ በአረብኛ መቅራት ጀመረ። እኔ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ስር ጨው አለ፣ እጄ ሰንሰለቱ ላይ ነው። የመጣልኝ ያ የነጠላ ቋጠሮ ነው። "የቁልቢው ገብርኤል፣ የቂርቆስንና የኢየሉጣን የፈላ ውሃ ያበረድክ፣ እናቴን ደቻቱ ላይ ሰምተሃታል፣ እኔንም ስማኝ። ይህን ነፋስ አቁምልኝ።" ስለቴን ተሳልኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ነፋሱ አልቆመም። እንዲያውም ባሰ።

ሁለተኛ ልጠራው አፌን ስከፍት ጀልባዋ ተንገጫገጨች። በደረቴ ወደቅኩ። ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ አቃሰተ፣ አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ወደ ነፋሱ ዞረ። እጄን መለስኩ። ዝም ብሏል። ያ የምወደው ዝምታ።

ሙሴ ታች ሆነው "ምን ሆነ?" አሉ። "ያዘ" አልኳቸው። አላመኑኝም። ወጥተው እጃቸውን ከእጄ አጠገብ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ የጉዞ መዝገባቸውን አምጥተው በባትሪዬ ብርሃን ሰዓቱን ጻፉ፤ በኛ 8 ሰዓት ከ40። ከሱ ቀጥሎ ሁለት ቃል፤ "መልህቅ ያዘ"።

ሐዋርያት ሥራ 27 ላይ ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር የተሳፈሩት ሰዎች አራት መልህቅ ጥለው ቀን እንዲሆን ይመኙ እንደነበር ተጽፏል። ያን ቦታ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼው ነበር። ያን ሌሊት ገባኝ። የንጋት መርዘም!

ሲነጋ ወደ ኋላ አየን። ከጥቁሩ ድንጋይ የራቅነው የጀልባዋን ሁለት ቁመት ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። መልህቁ ግን እምቢ አለ። በዚህም በዚያም ዞረን ስንጎትተው ቆይቶ ወጣ። አንዱ ጥፍሩ ተጣሟል። መጋጠሚያው ውስጥ የጥቁር ድንጋይ ስባሪ ተሰክቷል፣ የጣት ጥፍር የምታህል። በቢላዋ ጫፍ አወጣኋትና ኪሴ ከተትኳት።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው "ደሴቱ ጋ ታቹ ከፍ ሲል የተንጠለጠለው መልህቅ ስንጥቅ አግኝቶ ነው" ይሉኛል። አዎ፣ ስንጥቅ አግኝቶ ነው። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ሰዓት፣ ለሁለት ጀልባ ቁመት ሲቀረን ስንጥቁን ያገናኘው ማን ነው የምለው እኔ ነኝ። ነፋሱን አቁም ብዬ ለመንኩ፤ የተሰጠኝ መያዣ ነው። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ራሴ እንዲህ አድርግልኝ ብዬ አልዘረዝርም።

ሐምሌ ላይ ወደ ድሬ መጣሁ። በደንገጎ ዳገት ስወጣ ከየሰፈሩ የመጣ ሕዝብ አብሮኝ ነበር። ድንጋይ የተሸከመ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች። ከላይ ዝናብ ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ ታቅፌያት ሄድኩ፤ የሱ ናትና። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲታይ ሕዝቡ እልል አለ። ለሐምሌ 19 አድሬ፣ ጃንጥላዋን አስረክቤ፣ ከሙሴ የተላከውን ጧፍ አበራሁ። ለማን እንደሚበራ ራሳቸው ነበሩ የነገሩኝ፤ "ለዚያ ለጠራኸው" ብለው።

ስባሪዋ ድንጋይ እናቴ ጋ ናት። መጀመሪያ ስሰጣት ገልበጥ አድርጋ አየቻት፣ ሳመቻት፣ ምንም አላለችም። ከገብርኤል ሥዕል ሥር አስቀመጠቻት። ጠዋት ጠዋት ሥዕሉን ስትወለውል እሷንም አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋታለች።