ከመቁረጣችሁ በፊት በሩን ዝጉ

ስድስት ወር ይፈጃል ብዬ የጀመርኩት አሮጌ መኪና የማደስ ሥራ አራት ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ከዚህ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ የሄደው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሠራሁት ስህተት ነው። ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ቅዳሜዋን ግን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ እኔን ማንም አልነገረኝም። ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። አሁን ሳስበው ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

መኪናዋ ኤምጂቢ ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ባለ ሁለት ሰው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ ውስጥ ስትመረት የቆየች መኪና ናት። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመረጥኳትም ለዚህ ነው፤ ዕቃዋ እስካሁን ይገኛል። ሞተሯ 1798 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉ ሁለት ኤስዩ ካርቡራቶሮች። ኮምፒውተር ብሎ ነገር የለባትም። ካቻቢቴና ትዕግሥት ያለው ሰው ይፈታታል ይባላል። እውነት ነው። ካቻቢቴው ነበረኝ።

ልገዛት ስሄድ ያየሁት ሞተሯን ነው። ቁልፍ ሲዞር ተነሳች፣ ድምፁ ደስ ይላል፣ ገዛሁ። እባካችሁ እንደኔ አታድርጉ። ሞተር ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። የፒስተኑ ፋሻ ይቀየራል፣ ብሮንዚኑ ይቀየራል፣ በቃ። ጊዜን የሚበላው አካሉ ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱና ከበሮቹ ስርና ከጎማዎቹ በላይ አስጠጉት። የማይዝባት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ፣ ማለትም ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ ነው። እኔ እንኳን ማግኔቱን ኪሴ ይዤው ነበር። ሻጩ ፊት ማውጣት አፍሬ ተውኩት። የአራት ዓመት እፍረት!

ስለ መፍታት አንድ ነገር ልበል። ብዙ መመሪያ መጀመሪያ መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታታው ይላል። አልስማማም። ሙሉ በሙሉ የተፈታ መኪና ክምር ነው፤ በክምር ደግሞ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። የምትሠሩትን ክፍል ብቻ ፍቱ። ብሎኑን በየከረጢቱ ከታችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ሦስት መቶ ፎቶ አንስቼ የመጥረጊያው ሞተር ገመድ በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ አንድም አልነበረኝም።

ሞተሩ ሁለት ወር ወሰደ። ቴስታታው ወረደ፣ ቫልቮቹ ተሞረዱ፣ ጓርኒሲዮኖቹ ተቀየሩ። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ታደሰ፤ እዚህ ላይ ቆጥባለሁ ማለት ሞኝነት ነው። ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ የዚያ ዘመን ኤምጂቢ ከአካሏ ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፣ ኔጋቲቩ አይደለም። ይህ የተቀየረው በ1967 መጨረሻ ላይ ነው። ሳታውቁ ዘመናዊ ሬዲዮ ብትገጥሙ ሬዲዮው ይቃጠላል።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ።

ኤምጂቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ፣ ማለትም አካሉን የሚሸከም የብረት አጽም፣ የላትም። አካሏ ራሱ ነው ሻንሲዋ። ጣሪያ ያለው መኪና ቢሆን ከላይም የሚይዘው ነገር አለ። ክፍት መኪና ላይ ግን የፊቱንና የኋላውን ግማሽ አያይዞ የያዘው በዋናነት በግራና በቀኝ ከበሮቹ ስር የሚሄደው ሳጥን መሰል ብረት ነው። ከውጭ አንድ ላሜራ ይመስላል። ስትከፍቱት ግን የውስጥ ላሜራ አለ፣ መሃል ላይ የሚከፍለው አለ፣ ከስር ደግሞ ሌላ አለ። ውሃና ጭቃ ይገባበታል፣ መውጫ አያገኝም። ስለዚህ የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ትንሽ የቀለም እብጠት ካያችሁ ውስጡ አልቋል። የኔዋ በሁለቱም በኩል አልቋል።

አዲሱን ላሜራ አዘዝኩ፣ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንስቼ አራት የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኳት። ሁለቱን ከፊት ጫፍ፣ ሁለቱን ከኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበት ጋ። መሃሏ ባዶ እንዲሆን ፈለግሁ፤ እንደልቤ ተኝቼ ልሠራ። ስህተት አንድ። ከዚያ በሮቹን አወረድኩ፣ እንዳይከብዱኝና በብየዳ እሳት እንዳይበላሹ ብዬ። ስህተት ሁለት። በአካሉ ላይ ምንም ድጋፍ አልበየድኩም። ሜትር አውጥቼ አንድ ነገር አልለካሁም። ሦስትና አራት።

ከሰዓት የግራውን ቆርጬ አወጣሁ። የዛገ ብረት ወልቆ ሲወድቅ ደስ ይላል፤ ሠራሁ፣ ሠራሁ ያሰኛል። ሥራው ስለሞቀኝ የቀኙንም ቀጠልኩ። የመጨረሻውን ላሜራ ስቆርጥ የሆነ ነገር ‘ቀጭ’ አለ። ዝገት ነው የተላቀቀው አልኩና ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

ዝገት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ማታ ማታ በየድኩ። ስስ ላሜራ ላይ ረጅም መስመር መበየድ እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ፑንቶ፣ ማለትም አጭር የነጥብ ብየዳ፣ እየመታሁ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለልኩ፣ ብረቱ እንዲበርድ እየጠበቅሁ ሠራሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ብየዳው ቆንጆ ነበር። ሞርጄ፣ ዝገት መከላከያ ቀብቼ፣ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። ከዚያ በሩን ልሰቅል መጣሁ።

አልዘጋም አለ።

ከላይ በኩል የበሩ ጫፍ ከአካሉ ጋር ተጣብቋል፤ ወረቀት እንኳን አያስገባም። ከታች በኩል ደግሞ ጣቴ ይገባል። መጀመሪያ የተናደድኩት በማጠፊያው ነው። ፈታሁት፣ ስስ ብረት አስገብቼ አሰርኩት። አልሆነም። ቀጥሎ ላሜራውን የሸጠልኝ ሰውዬ ላይ ጮህኩ። ስልክ ደውዬ፣ “የላካችሁልኝ ዕቃ ልኩ አይደለም” አልኩት። “ላሜራው ልክ ነው፤ የገጠመውን ሰው ጠይቀው” ብሎ ዘጋብኝ። ለሳምንት ሰደብኩት። ትክክል ነበር፤ አነጋገሩን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩም።

ቀጥሎ ያደረግሁትን መጻፍ ይከብደኛል። መሞረጃ አንስቼ የቀኙን በር ጫፍ ሞረድኩ። ዝገት ያልነካው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ በር! ሦስት ሚሊሜትር ያህል በላሁት። ያኔም አልዘጋም።

ከዚህ ያወጣኝ ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን በብየዳ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ድምፁ ስለረበሸው ነው የመጣው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ጊዜ ዞራት።

“ልጄ፣ በሩን ምን አድርግ ትለዋለህ?” አለኝ።

“እምቢ አለኝ፣ ጋሼ። ጠመመብኝ።”

“በሩ ምንም አልሆነም። መኪናዋ ናት የጎበጠችው።”

ክር አስመጣኝና ከፊት እስከ ኋላ ወጠርነው። መሃሏ ወደ ታች ሰምጧል። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ጫፏን አንስቼ፣ መሃሏን የሚይዘውን ብረት ቆርጬ ስጥለው በራሷ ክብደት ታጠፈች። ከላይ የበሩ ቦታ ጠበበ፣ ከታች ሰፋ። ያ ‘ቀጭ’ ያለው ድምፅ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ትዕግሥት፣ ጉብጠቷን አጥብቄ በየድኩት።

ይባስ ብሎ በሜትር ከጥግ ወደ ጥግ ስንለካ ጠምዘዝም ብላለች። የመሥሪያ ቦታዬ ወለል ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ መግቢያው ያዘነብላል። አራቱንም መቆሚያ እኩል ቁመት ላይ አድርጌ እኩል ያቆምኳት መስሎኝ ነበር።

የጥገና መጽሐፏ አካሏ ቀጥ ማለቱ የሚረጋገጥበትን ልኬት በሥዕል ያሳያል። መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የካርቡራቶሩ ገጽ በዘይት ጠቁሯል፣ ያ ገጽ ግን እንደ አዲስ ንጹሕ ነው።

ሁሉንም መልሼ ቆረጥኩ። ከመቁረጡ በፊት ስምንት ወር ሸራ አልብሻት ዞር ብዬም አላየኋት። ይህንንም በሥራ ጊዜ እቆጥረዋለሁ፤ ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸጠው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ሆነ። ክብደቷ በራሷ እግር ላይ እንዲያርፍ መቆሚያዎቹን ከፊት ተሸካሚውና ከኋላ አክሰሉ ስር አደረግሁ። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ አራቱን ጥግ አስተካከልኩ፤ ከውሃ ልክ የተሻለ ይሠራል። በሮቹን መልሼ ሰቀልኩ። የተበየደውን ስፌት ከፈትኩና መሃሏ ስር ወፍራም እንጨት አድርጌ በክሪክ ቀስ እያልኩ አነሳሁ። አንድ ዙር፣ ከዚያ በሩን ማየት። ግማሽ ዙር፣ ከዚያ በሩን ማየት። የበሩ ክፍተት ከላይም ከታችም አራት ሚሊሜትር ሲሆን አቆምኩ። ያኔ ነው ቱቦላሬ ከበሩ የፊት ምሰሶ ወደ ኋላው ምሰሶ በያንዳንዱ በኩል የበየድኩት፤ አንዱንም በአግድም ከግራ ወደ ቀኝ። ቱቦላሬውን ያስገባሁት በሩ እንደተሰቀለ ሊዘጋና ሊከፈት በሚችልበት ቦታ ነው። ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ቆርጬ፣ ሠርቼ፣ ጨርሼ ወደ ሌላው። በየአሥር ፑንቶው በሩን እዘጋለሁ። በየአሥሩ! ጎረቤቴ ሲስቅብኝ ይሰማኛል።

በሮቹን አውርዱ የሚሏችሁን አትስሙ። በሩ መለኪያችሁ ነው። እሳት ቢያሰጋችሁ የብየዳ ብርድ ልብስ አልብሱት። ያለ ቀለም ስትሠሩ ቢጫርም ምንም አይደል።

ስለ እሳት ካነሳሁ አይቀር፦ የነዳጅ ጋኑንና ባትሪውን አውጡ። ከስር የተቀባው ጥቁር ሬንጅ ግን እዚያው አለ፤ ይቀጣጠላል። አንድ ቀን ከውጭ ስበይድ ከውስጥ ሲነድ የነገረኝ አፍንጫዬ ነው። ሌላው፣ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ባጸዳችሁት ብረት ላይ በፍጹም አትበይዱ። ሙቀቱ ወደ ፎስጂን ይቀይረዋል፤ እሱ ገዳይ ጋዝ ነው። ቀለሙን ራሴ አልረጨሁም። በማድረቂያ የሚደባለቀው ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል መርዛማ ኬሚካል አለበት፤ ተራ ማስክ አያስጥልም፣ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭምብል ይፈልጋል። ለባለሙያ ሰጠሁ። እዚህ ላይ ኩራት የለኝም።

የመጨረሻዋ ንዴት የምርመራ ቀን ናት። ሞተር ክፍሉን ሳስቀባ የሻንሲ ቁጥር ያለባትን ትንሽ ሳህን ሪቬቷን ፈልቅቄ በጥንቃቄ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫት ነበር። መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። “ቁጥሩ የታለ?” ከኪሴ አወጣሁለት። ከኪሴ! ሰውዬው መኪና ሰርቄ የመጣሁ ይመስል አየኝ። አራት ዓመት የሠራሁትን ፍሬን ሳያይ፣ ብየዳውን ሳያይ፣ ስለዚያች ሳህን ሦስት ቀን አመላለሰኝ። በወረቀት ሸፍኗትና ዙሪያዋን ቀቡ። አትንቀሏት።

አንዳንዴ ጓደኞቼ እንደገና ብትጀምር ምን ታደርግ ነበር ይሉኛል። አዲስ አካል እገዛ ነበር። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ከ1988 ጀምሮ በዋናው ፋብሪካ መሣሪያ ሙሉ የኤምጂቢ አካል ይሠራል። ያኔ ውድ ነው፣ ደግሞም ማጭበርበር ነው አልኩ። ለላሜራው ሁለት ጊዜ ከፍዬ፣ ለጋዙ፣ ለመሞረጃ ድንጋዩ፣ ለመበየጃ መሣሪያው ከፍዬ ስደምረው፣ ድምሩን ለማንም አላሳየሁም።

ዛሬ የግራው በር በአንድ ጣት ይዘጋል። የቀኙም ይዘጋል፤ ግን ያ የሞረድኩት ጫፍ ላይ ክፍተቱ ከግራው ይሰፋል። በብየዳ ሞልቼ፣ ሞርጄ፣ አስቀብቼው ማንም አያየውም። እኔ በሩን በከፈትኩ ቁጥር አውራ ጣቴ እዚያ ቦታ ላይ ያርፋል።