የልጄ የመጀመሪያ አሸንድዬ

ዛሬ ነሐሴ 16 ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈታ፤ ላሊበላም በሴት ልጆች ከበሮ ነቃች። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ሌሊቱን በቅጡ አልተኛችም። ጠዋት እናቴ ሹሩባዋን አስተካከለችላት። ከዚያ ረጅሙን አረንጓዴ ሳር ወገቧ ላይ አሰረችላት። ቀስ ብላ፣ ዙሪያውን እኩል እያደረገች። "እኔንም እናቴ እንዲህ ነበር የምታስርልኝ" አለች።

ጎዳናው በሀበሻ ቀሚስ ነጭ ሆኗል። ይህን የሴት ልጆች በዓል ሰቆጣ ሻደይ፣ ቆቦ ሶለል ይሉታል፤ ለእኛ አሸንድዬ ነው። ልጄ መጀመሪያ ነጠላዬን ይዛ አልለቅም አለች። ትንሽ ቆይቶ ትልልቆቹ መሃል ገብታ ሳሩ ወገቧ ላይ ሲወዛወዝ አየሁ። እናቴ እልል አለች። እኔ እንባዬ መጣ።

አሁን ተኝታለች። ሳሩን አልፈታም ብላ፣ እንደታጠቀችው።